ጆሮው ደህና ነው የተባለው ልጅ

ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ ጣቶቹን ትቆጥራለች፤ አፉን ከፍታ ላንቃውን ታያለች፤ ልቡን ታዳምጣለች፤ ትመዝነዋለች። ጆሮውን የምታየው ግን ከውጭ ብቻ ነው። ሁለቱም በቦታቸው ካሉና ቅርፃቸው ካልጎደለ «ደህና ነው» ይባላል፤ አራሷም ይህንኑ ቃል ይዛ ቤቷ ትገባለች። ልጁ አንድ ጆሮው ተጨማዶ ወይም ጭራሽ ሳይወጣለት ከተወለደ ግን ክፍሉ ባንዴ ጸጥ ይላል። አያት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ ጠበል ይታሰባል፤ ሐኪም ይፈለጋል፤ «ግርዶሽ ሲሆን ወጥታ ነበር» የሚልም አይጠፋም።

የሚገርመው ያ ሁሉ ሰው የደነገጠበት ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ጤነኛ መሆኑ ነው፤ ልጁም ሌላኛው ጆሮው ሙሉ ስለሆነ ይሰማል። ማንንም ያላስደነገጠው፣ እንደ ሥዕል ያማረው ጆሮ ግን ምንም የማይሰማ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ገና በሳምንቱ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሁለተኛው የሚቀርበው «ለምን አልተናገረም?» ሲባል፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ ነው። በመሐል ያለፉትን ዓመታት የሚመልስ ሕክምና የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ መስማት ባወጣው ሪፖርት፣ እርዳታ የሚያሻው የመስማት ችግር ያለበት ሰው በዓለም ከ430 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ገምቷል፤ ከእነዚህ 34 ሚሊዮን ያህሉ ልጆች ናቸው። በበለጸጉት አገሮች ከ1,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ቋሚ የመስማት ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ በድሃ አገሮች ቁጥሩ ከዚያ ከፍ ይላል። ከሺህ አንድ ሲባል ጥቂት ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት እንደሚወለዱ ካሰብን ግን፣ በዝቅተኛው ስሌት እንኳ በየዓመቱ ከ3,000 በላይ ልጆች ማለት ነው። አብዛኞቹን ማንም አይቆጥራቸውም፤ ጆሯቸው ያማረ ነውና።

መዶሻ፣ ሰንዳን፣ እርካብ

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት ጆሮ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። ከውጭ የምናየው ቅርፅና ወደ ውስጥ የሚገባው ቀዳዳ ድምፅ ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚመራ መንገድ እንደማለት ነው። በቀዳዳው መጨረሻ የጆሮ ታምቡር ተወጥሯል። ከታምቡሩ ጀርባ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፤ በቅርፃቸው መዶሻ፣ ሰንዳንና እርካብ ተብለዋል። እርካቡ የሚረግጠው የውስጥ ጆሮን በር ነው። ከበሩ ወዲያ በፈሳሽ የተሞላ፣ ሁለት ዙር ተኩል የተጠማዘዘ ቀንድ አውጣ የመሰለ አካል አለ፤ ኮክሊያ ይባላል። በውስጡ 15 ሺህ ያህል ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል። የድምፁን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይረው ለነርቭ የሚያቀብሉት እነርሱ ናቸው። ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

በማኅፀን ውስጥ የውጭውና የመካከለኛው ጆሮ የሚሠሩት መንጋጋ ከሚሠራበት ሥጋ ነው። የውስጡ ጆሮ ግን መነሻው ሌላ ነው። ለዚህ ነው የውጭው ተጨማዶ፣ ቀዳዳው ጨርሶ ተደፍኖ የተወለደ ልጅ ቀንድ አውጣው ሙሉ ሆኖ የሚገኘው። ሐኪሞች ማይክሮሺያ የሚሉት ይህ የአፈጣጠር ጉድለት ከ6,000 እስከ 12,000 በሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ነው፤ ከግራ ይልቅ ቀኝ ጆሮን፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ይመርጣል።

እዚህ ላይ ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሁለት ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ አፋችሁን ሳትከፍቱ አጉረምርሙ፤ ድምፃችሁ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማችኋል። ድምፅ በአጥንትም እንደሚጓዝ ማሳያው ይህ ነው። ሁለቱም ጆሮው የተደፈነበት ሕፃን ግንባሩን በሚዞር ላስቲክ ላይ የተሰፋች ትንሽ አንዛሪ መሣሪያ ቢደረግለት ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው ይሰማል። ቢላዋም መርፌም አያስፈልግም። መሣሪያውን በአጥንት ላይ የሚተክለው ቀዶ ሕክምና የሚመጣው የራስ ቅሉ አጥንት ሲወፍር፣ አምስት ዓመት ገደማ ላይ ነው። ከጎድን በሚወሰድ ለስላሳ አጥንት የሚሠራው የጆሮ ቅርፅም ዕድሜ ይጠብቃል። ብዙ ቤተሰብ ግን የሚጠይቀው «ቀዳዳውን ክፈቱልን» ብሎ ነው። ቀዳዳ መክፈት ለሁሉም አይሆንም፤ ለሚሆንለትም የውስጡ ሁኔታ በሲቲ ስካን ታይቶ፣ ልጁ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ «አምስት ዓመት ሲሞላው አምጡት» የሚለው ቀጠሮ ለቀዶ ሕክምናው ትክክል ነው፤ ለመስማቱ ግን አይደለም።

«አንዱ ጆሮው ከሰማ ይበቃዋል» የሚለው አነጋገርም ሐኪሞች ሳይቀሩ ለረጅም ጊዜ የተቀበሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት በአንድ ጆሯቸው ብቻ የሚሰሙ ልጆችን ሲከታተል ከሦስቱ አንዱ ያህል ቢያንስ አንድ ክፍል መድገማቸውን አገኘ። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ልጅ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ምንም አይጎድለውም። ሰባና ሰማንያ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን የመምህሩን ድምፅ ከጫጫታው መለየት ያቅተዋል። ደህናው ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲዞር አድርጎ ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ አያስወጣም።

ከጆሮ ፊት ስለምትገኘው ትንሽ ቀዳዳም አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ የሀብት ምልክት ናት ይባላል። ከአውሮፓውያን ይልቅ በአፍሪካውያን ላይ በብዛት ትታያለች፤ ብቻዋን ከሆነች ካልመገለች በቀር ጉዳት የላትም። አንገት ላይም ተመሳሳይ ቀዳዳ ካለና በቤተሰቡ ውስጥ መስማት የተሳነው ሰው ከተገኘ ግን መስማቱም ኩላሊቱም መታየት አለበት። ጆሮና ኩላሊትን አብሮ የሚነካ በዘር የሚተላለፍ ችግር ስላለ ነው።

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደውን ልጅ ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ የሚከፍተውም የላንቃ ጡንቻ ነው። ላንቃው ከተሰነጠቀ ጡንቻው የሚይዘው ያጣል፤ ቱቦው አይከፈትም፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ሕፃናት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህ ይገጥማቸዋል። በአዲስ አበባ በየካቲት 12 ሆስፒታልና በሌሎችም ቦታዎች ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር በመተባበር የከንፈርና የላንቃ ቀዶ ሕክምና በነፃ ሲሰጥ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ብዙ ቤተሰብ አልቅሶ ገብቶ ስቆ ወጥቷል። የተሰፋው ከንፈር በፎቶ ይታያል። በፈሳሽ የተሞላው ጆሮ በፎቶ አይታይም። ልጁ ንግግሩ ሲንተባተብ ወይም በትምህርቱ ሲደክም ጥፋቱ ሁሉ በላንቃው ላይ ይለጠፋል፤ ጆሮውን ያየለት ሰው የለምና።

የውስጥ ጆሮው ራሱ የተበላሸበት ልጅ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ቀንድ አውጣው ሁለት ዙር ተኩሉን ሳይጨርስ አንድ ዙር ተኩል ላይ የቆመበት ልጅ አለ፤ ይህን ካርሎ ሞንዲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ገና እ.ኤ.አ. በ1791 ገልጾታል። ቀንድ አውጣው ጨርሶ ያልተፈጠረለት፣ ነርቩ የቀረበትም አለ። ሆኖም እንዲህ ያለው በሥዕል የሚታይ የአፈጣጠር ጉድለት የሚገኘው ሲወለዱ ጀምሮ የውስጥ ጆሮ ችግር ካለባቸው ልጆች በአምስተኛው እጅ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት አራት እጆች ሲቲ ስካንም ቢነሡ አጥንታቸው የተሟላ ነው። ጉድለቱ የሚገኘው ከሴሎቹ ውስጥ ነው።

«በዘራችን የለም»

መስማት የተሳነው ልጅ የወለዱ ወላጆች የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነው፤ እውነታቸውንም ነው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ይህ ማለት ግን ዘር የለበትም ማለት አይደለም። በበለጸጉ አገሮች ሲወለዱ ጀምሮ ከሚገኙት የመስማት ችግሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መነሻቸው ዘረ መል ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ ሲገናኝ ብቻ የሚገለጡ ናቸው። አባትም እናትም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ሙሉ ጆሮ ይኖራቸዋል። ልጅ በወለዱ ቁጥር ሁለቱ ቅጂዎች የመገናኘታቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። ለብዙ ትውልድ ተደብቆ ኖሮ ድንገት ብቅ ይላል።

እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ የመጋባት ሥርዓታችን እዚህ ላይ የሳይንስ ድጋፍ ያገኛል። የቅርብ ዘመድ በሚጋባበት ማኅበረሰብ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት እንደሚታየው ወይም በአፋር በአብሱማ ልማድ እንዳለው፣ አንድ ዓይነት የተበላሸ ቅጂ የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። ግን ሰባት ቤት መቁጠር ዕድሉን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሥጋ ዝምድና የሌላቸው ባልና ሚስትም አንድ ቅጂ ሊጋሩ ይችላሉ። በአውሮፓና በእስያ ዋነኛ ሆኖ የተገኘው ጂጄቢ2 የተባለው ዘረ መል ብልሽት በአብዛኛው አፍሪካ እምብዛም እንደማይገኝም ታውቋል። በሌላው ዓለም የተሠራውን የዘረ መል ምርመራ እንዳለ አምጥቶ ለእኛ ልጆች መጠቀም የማይቻለው ለዚህ ነው። የእኛው ምን እንደሆነ የሚያጠና የራሳችን ሰው ያስፈልገናል።

ስለሚታየውና ስለማይታየው ካነሳን፣ ጥቁር ሕፃን ደማቅ ሰማያዊ ዓይን ይዞ ሲወለድ ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል፤ «ምን ያለ ውበት!» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ዓይን፣ በተለይ ግንባር ላይ ካለ ነጭ ፀጉር ጋር፣ ዋርደንበርግ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ ምልክት ነው። ቀለምን የሚሰጡት ሴሎች ለውስጥ ጆሮም ያስፈልጋሉ። ፎቶውን ካጋሩት መካከል «ይሰማል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ይሆን?

ከዘር ውጭ ካሉት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ በእርግዝና ጊዜ የሚገቡ ናቸው። ሩቤላ የሚባለው ቀላል ሽፍታ እናቲቱን ሁለት ሦስት ቀን ያሳክካት ይሆናል፤ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሦስት ወራት ከያዛት ግን የፅንሱን ዓይን፣ ልብና ጆሮ ያበላሻል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1941። በአሜሪካ በ1964 እና 65 በተነሣው ወረርሽኝ 20,000 ያህል ሕፃናት ተጎድተው ተወለዱ፤ ከእነርሱም ከ11,000 በላይ የሚሆኑት የመስማት ችግር ነበረባቸው። ክትባቱ ከኩፍኝ ክትባት ጋር በአንድ መርፌ ይሰጣል። በእኛ አገር ለረጅም ዓመታት መደበኛው ክትባት ኩፍኝን ብቻ የያዘ ነበር። ይህን ሳስብ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይታየኛል።

ሁለተኛው ሳይቶሜጋሎ የተባለ ቫይረስ ነው። ከዘር ውጭ ካሉት ምክንያቶች በዓለም ላይ ቀዳሚው እርሱ ሲሆን፣ እናቲቱ መታመሟን እንኳ ሳታውቅ ያልፋል። የሚተላለፈው በአብዛኛው ከትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ነው። ነፍሰ ጡር እናት የልጇን ሽንት ጨርቅ ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና መታጠቧ፣ ከልጇ አፍ የተረፈውን ጉርሻ «አይጣል» ብላ አለመጉረሷ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ጥንቃቄ ነው። ቫይረሱ ሌላም ተንኮል አለው፤ ልጁ ሲወለድ እየሰማ ተወልዶ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ መስማቱ ሊቀንስ ይችላል።

በግርዶሽ መውጣት፣ የሰው ዓይን፣ የእናት ኃጢአት ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ይህን የምለው ለሥርዓት ያህል አይደለም። ጥፋተኛ ፍለጋው ከተጀመረ እናት ልጇን ትደብቃለች፤ የተደበቀ ልጅ ደግሞ አይመረመርም።

የአጎቱ ልጅም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው

ወላጆች አያስተውሉም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን መስማት የተሳነው ሕፃን አታላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደማንኛውም ሕፃን ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ «አጉ» ይላል። በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ንዝረቱ በአልጋው ይደርሰዋልና። ከኋላው ሲያጨበጭቡለት ይዞራል፤ ነፋሱን ወይም ጥላውን አይቶ ነው። እናቱ ስትገባ ፈገግ ይላል፤ በዓይኑ ይጠብቃታል። ከሰባት ከስምንት ወር በኋላ «ባባ፣ ዳዳ» የሚለው ጨዋታ ሲቀርበት ወይም ሲደበዝዝ ነው የመጀመሪያው እውነተኛ ምልክት የሚመጣው። እሱንም ቤተሰቡ መልስ አያጣለትም፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ የአጎቱ ልጅም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው፤ ዝምተኛ ነው፣ አባቱን ነው የመሰለው። አንዳንዱ «ምላሱ ተይዞ ነው» ብሎ ከምላሱ ሥር ያስቆርጠዋል፤ እንጥሉን የሚያስቆርጥም አለ። ጥፋቱ ጆሮ ላይ ሆኖ ቢላዋው አፍ ላይ ያርፋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንጎል አይጠብቅም። ሕፃን ከመወለዱ ሦስት ወር ገደማ በፊት ጀምሮ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ ሲወለድም ያውቀዋል። ለድምፅ የተመደበው የአንጎል ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ድምፅ ካላገኘ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ዓይን ይወርሰዋል። ከዚያ በኋላ ምርጥ መሣሪያ ቢተከልም ልጁ ድምፅ ይሰማ ይሆናል፤ ድምፁን ወደ ቃል መለወጥ ግን ይከብደዋል። በኮሎራዶ በክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቿ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት ያሳየውም ይህንን ነው። ችግራቸው ከስድስት ወር በፊት የታወቀላቸው ልጆች በቋንቋ ዕድገታቸው ዘግይቶ ከታወቀላቸው በእጅጉ በልጠው ተገኙ፤ የመስማት ጉዳታቸው ቀላልም ይሁን ከባድ። ልዩነቱን ያመጣው ጉዳቱ ሳይሆን የታወቀበት ቀን ነው።

45ኛው ቀን

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ጤነኛ ጆሮ ድምፅ ሲሰማ እሱም መልሶ እጅግ ደካማ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳየ። የዛሬው የጨቅላ ሕፃናት ምርመራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ጫፏ በተኛው ሕፃን ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ ትልካለች፤ ማሚቶውን ትጠብቃለች። ደቂቃዎች ናቸው፤ ሕመም የለውም፤ ሐኪምም አያስፈልገውም፣ የሠለጠነ ጤና ሠራተኛ ይበቃል። ማሚቶው ካልመጣ ልጁ አይሰማም ማለት አይደለም፤ ገና በተወለደ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ውሃና የማኅፀን ቅባት ስለሚኖር ይደገማል። ይህ ምርመራ የማይዘው አንድ ዓይነት ችግርም አለ፤ በተለይ ሲወለዱ ክፉኛ ቢጫ ሆነው የነበሩ ሕፃናት ማሚቶ እያላቸው ነርቩ መልእክቱን በትክክል ላያደርስ ይችላል። ለእነርሱ ግንባር ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎልን ምላሽ የሚለካው ሌላው ምርመራ ያስፈልጋል።

ብዙ አገሮች የሚከተሉት ቀመር በአንድ ወር መመርመር፣ በሦስት ወር ማረጋገጥ፣ በስድስት ወር እርዳታ መጀመር ነው። በአሜሪካ ከሚወለዱት ሕፃናት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይመረመራሉ። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የወለደች ሐበሻ እናት ከሆስፒታል ሳትወጣ የልጇ ጆሮ ይታያል ማለት ነው፤ በእስራኤልም ምርመራው ብሔራዊ ከሆነ ከአሥር ዓመት አልፎታል። ያም ሆኖ እዚያም ቀዳዳ አለ። በመጀመሪያው ምርመራ ያላለፈ ልጅ እናት ወረቀት ይሰጣትና ቤቷ ትሄዳለች፤ ሁለተኛው ቀጠሮ በቋንቋ፣ በሥራ፣ በመኪና እጦት ምክንያት ይቀራል። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ «ውሃ ይሆናል» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን ኪሳራው የልጁ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን በየወሊድ ክፍሉ ማድረግ ይቻላል ብሎ መነሣት ለጊዜው ምኞት ነው። ብዙ እናቶች አሁንም ቤታቸው ይወልዳሉ፤ ጤና ተቋም የወለዱትም በማግሥቱ ይወጣሉ። በአንጻሩ እናቶች የሚያውቁት፣ ሌላ ስም የማያስፈልገው አንድ ቀጠሮ አለ፤ የ45 ቀን ክትባት። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ባምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ የጆሮው ውሃ ደርቋል፤ ጠብቶ ይተኛል፤ የአንድ ወሩ ቀመር በሁለት ሳምንት ቢያልፍም የሦስት ወሩ ገና አልደረሰም። ነርሷ እዚያው አለች፤ ካርዱ እጇ ላይ ነው። አዲስ ሐሳብ አይደለም። በናይጄሪያ ሌጎስ ከተማ ለቢሲጂ ክትባት የመጡ ሕፃናትን ጆሮ እዚያው የመረመረ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ታትሟል፤ ቤት የተወለዱትን ልጆች ያገኛቸውም በዚህ መንገድ ነው። በደቡብ አፍሪካም ሐሳቡ በስድስተኛው ሳምንት ክትባት ላይ ተሞክሯል።

«መርምረን ካገኘን በኋላ የት እንልካቸዋለን?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 78 በመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት አይደርሳቸውም፤ በመስማት ባለሙያ በኩል ደግሞ 93 በመቶው ከዚያ በታች ናቸው። የመስሚያ መሣሪያ ከሚያስፈልገው ሰው በዓለም የሚጠቀመው 17 በመቶው ብቻ ነው። መሣሪያው ቢገኝም ባትሪው ያልቃል፤ ሕፃኑ ሲያድግ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ማቀፊያ ስለሚጠብበት በየጥቂት ወሩ እንደገና መሠራት አለበት። ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚተከለው መሣሪያ ዋጋ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው፤ ከተተከለም በኋላ ዓመታት የሚወስድ የንግግር ልምምድ ይከተለዋል። ይህን ሁሉ አውቄም ተቃውሞውን አልቀበለውም። ከምርመራው በኋላ የሚሰጥ አንድ ነገር አለ፤ ባትሪ አይፈልግም።

እጅም ይናገራል

እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላን የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ የሚሰሙ የነበሩ መምህራን መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ እንዳይማሩ ወሰኑ። ውሳኔው ለአንድ ምዕት ዓመት ትምህርት ቤቶችን ገዛ። ያው ጉባኤ ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010 በቫንኩቨር፣ ጸጸቱን ገለጸ። ርዝራዡ ግን ዛሬም በብዙ ባለሙያ አፍ ላይ አለ፤ «ምልክት ካስለመዳችሁት መናገር ይሰንፋል» ይላሉ። አንጎል ግን ቋንቋ በጆሮ ገባ በዓይን ግድ የለውም፤ የሚጎዳው ሁለቱም ሲቀሩበት ነው። ምልክት የለመደ ልጅ በኋላ መሣሪያ ቢያገኝ የሚያስተሳስረው ቋንቋ አለው። መሣሪያ ባያገኝ ደግሞ ቋንቋ አለው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የእጅ ፊደላችንን ላየው ሰው ያስደንቃል፤ ተነባቢው በእጅ ቅርፅ ይሠራል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። የቆሎ ተማሪው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ የሚያዜመውን ልጁ በጣቱ ያዜመዋል። ችግሩ ይህን ቋንቋ ልጆቹ የሚያገኙት ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ያውም ከገቡ፣ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው መሆኑ ነው። ወላጆች ፈጽሞ አይማሩትም። ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ውሎ ማታ ቤቱ ሲመለስ እንግዳ ይሆናል። በ45 ቀኑ ቢታወቅ ኖሮ እናትና አባት ከልጁ ቀድመው ለመማር ዓመት ሙሉ ነበራቸው።

በሌላው ዓለም ነገሩ በፍጥነት እየሄደ ነው። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣ የቻይና ሙከራ፣ ኦቶፍ በተባለ ዘረ መል ጉድለት መስማት ተስኗቸው ከተወለዱ ስድስት ልጆች አምስቱ ጤነኛው ቅጂ በቫይረስ ተጭኖ በጆሯቸው ከገባ በኋላ መስማት መጀመራቸውን ገልጿል። የዚህ ዘረ መል ጉድለት የሚገኘው በጥቂቶቹ ልጆች ላይ ነው፤ ወደ እኛ መቼ እንደሚደርስ መተንበይም ዋጋ የለውም። የሚደርስ ቀን ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጁ ዕድሜ ነው።

እስከዚያው ድረስ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያም የሚቻል ነገር አለ። ልጁ ሲወለድ ታፍኖ፣ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ ወይም በማሞቂያ ክፍል ተኝቶ ነበር ወይ? ጄንታማይሲን የተባለውን ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ለብዙ ቀን ተወግቷል? ማጅራት ገትር ይዞታል? ፊቱ፣ ጆሮው ወይም ላንቃው ላይ ጉድለት አለ? በቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የማይሰማ ሰው አለ? በእርግዝናዋ ሽፍታ ወጥቶባት ነበር? ከእነዚህ ለአንዱ «አዎ» ያለች እናት ልጇ ቢስቅም ባይስቅም፣ ቢደነግጥም ባይደነግጥም፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላክላት። አንድም «አዎ» ያላለች እናት ልጅ ደግሞ በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ «ባባ፣ ዳዳ ይላል?» ተብሎ ይጠየቅላት፤ አይልም ካለች፣ አጎቱ በስንት ዓመቱ እንደተናገረ ሳይወራ፣ የመላኪያ ወረቀቱ ይጻፍላት።